«ጢሰኛ» ስለሚባለው ቃል አመጣጥና ትርጓሜ

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ከአንድ የትምህርት ጓደኛዬ ጋራ ወደ ጥሊሊ ሄጄ ነበር። ጥሊሊ በአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ደጋ አገር ናት። በአካባቢውም አማርኛና የአዊ ሕዝብ የአገው ቋንቋ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ጓደኛዬ የአዲስ አበባ ልጅ ነውና ማለዳ በየኮረብታው ሥር ከዲከረንስ እንጨት ከሰል ከሚከሰልበት ክምር የሚወጣውን ጢስ አይቶ፥ «በታሪክ ትምህርት የምናነብላቸው ጢሰኞች እነዚህ ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሣቅሁበት። ነገር ግን፥ «እንግዲያስ ጢሰኛ የተባለው ሰው ከጢስ ጋራ ምን አገናኘው?» ብሎ ሁለተኛ በጠየቀኝ ጊዜ በቂ መልስ አላገኘሁለትም።

በዚያው ዕለት ወደ ማታ አንድ የሰፈራችንን ሽማግሌ አገኘሁና፥ «አባቴ፥ ጢሰኛ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «እኛ ጢሰኛ ሁነን አናውቅም፥ ልጄ። ይህን ማን ነገረህ?» አሉኝ። እኔ የጠየቅሁት የቃሉን ፍች ነበር፤ እርሳቸው የመለሱልኝ ግን የዘራቸውን ነገር ነበር። ቃሉ በሕግ ከቀረ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታል። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ የሽማግሌን ፊት የሚለውጥ ቃል በውስጡ ምን እንደ ያዘ ለመመርመር ያሰብሁት በዚያን ጊዜ ነው። ከዚህ ቀጥሎ በመጀመሪያ የቃሉን አሠራር፥ ቀጥሎም በጎጃምና በሌሎች አገሮች የነበረውን ልዩ ልዩ ትርጓሜ፥ በመጨረሻም ሁለቱ ትርጓሜዎች በተገናኙ ጊዜ የሆነውን ነገር ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የቃሉ አሠራር

ቃሉ ሁለት ክፍል አለው፤ «ጢስ» እና «-ኛ»። ጢስ በግዕዝም ጢስ ነው። በጎጃምና በጎንደር አነጋገር ይኸው የጥንቱ ድምፅ ሳይለወጥ ኖሯል። በሸዋና በአዲስ አበባ ግን ጢስ የሚለው ጭስ፥ ጤሰ የሚለው ጨሰ፥ ጢሰኛ የሚለውም ጭሰኛ ሁኗል። ይህ የአነጋገር ስሕተት አይደለም፤ የአማርኛ ጠባይ ነው። ት፥ ድ፥ ጥ የተባሉት ድምፆች ከሣልስ አናባቢ ጋራ በተገናኙ ጊዜ ወደ ች፥ ጅ፥ ጭ ማዘንበል ይወዳሉ። ግዕዝ «አንቲ» የሚለውን አማርኛ «አንቺ»፥ «ከፋቲ» የሚለውን «ከፋች»፥ «ወላዲ» የሚለውን «ወላጅ»፥ «ቀጢን» የሚለውን ደግሞ «ቀጭን» ይለዋል። እንግዲህ ጭስ የተባለው ቃል ይህንኑ መንገድ ተከትሎ የሄደ ነው፤ ጢስ የተባለው ግን በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ቆሞ የቀረ ነው።

ጢም የሚለው ቃል በሁሉም አገር ጢም ሁኖ መቅረቱን አይቶ ይህን ሕግ የሚጠራጠር አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጢም ግን በግዕዝ ጽሕም ነው። በመነሻው ጢ የሚል ድምፅ አልነበረበትም፤ ከለውጡ ያመለጠውም በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ለጥንቱ ድምፅ ምስክር የሚሆን ደግሞ በጎጃም ካርታ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከግሽ የሚነሣው ዓባይ ጣናን አልፎ ከባሕር ዳር በታች ወደ ገደል የሚወርድበትን ስፍራ የአገሩ ሰው ጢስ ዓባይ ወይም ጢስ እሳት ብሎታል። የውሃውን ጉም በጢስ መስሎ መጥራቱ ነው። ይህን ስም ዛሬ የአዲስ አበባ ሰውም ቢሆን «ጭስ ዓባይ» አይለውም። የቦታ ስም አንዴ ከተተከለ በኋላ የሕያው ቋንቋ ለውጥ በቶሎ አይነካውም።

ሁለተኛው ክፍል «-ኛ» የተባለው ቅጥያ ነው። ይህ ቅጥያ የሰውን ይዞታ፥ ሙያ ወይም ሁኔታ ያመለክታል። ፈረስ ያለው ፈረሰኛ፥ በእግሩ የሚሄደው እግረኛ፥ ርስት ያለው ርስተኛ ይባላል። ስለዚህ ጢሰኛ ማለት በቃል በቃሉ ጢስ ያለው ሰው ማለት ነው። የነገሩም ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። ርስተኛና ጢሰኛ በአንድ ቅጥያ የተሠሩ፥ አንዱ ለሌላው መልስ የሚሆኑ ሁለት ስሞች ናቸው። አንደኛው ሰው ርስት አለው፤ ሁለተኛው ግን ያለው ጢስ ብቻ ነው።

ጢስ የቤት ምልክት ስለ መሆኑ

በአገራችን ቤት ማለት ምድጃ ነው። በሣር ክዳን ቤት ጢሱ የሚወጣው በክዳኑ መካከል እየሰረገ ስለ ሆነ፥ ከሩቅ ለሚያይ መንገደኛ ቤቱ ሰው ያለበት መሆኑን የሚያስታውቀው ጢሱ ነው። አንድ ጐልማሳ «ጎጆ ወጣ» ሲባል በወላጆቹ ምድጃ መሞቁን ትቶ የራሱን እሳት ማንደዱ ነው።

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። የቢዛንታይን መንግሥት በየቤቱ ይጥለው የነበረው ግብር ካፕኒኮን ይባል ነበር፤ ይኸውም ካፕኖስ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን ትርጓሜው ጢስ ነው። በፖላንድ የነበረው የቤት ግብር ፖዲምኔ መባሉ ዲም ከሚለው ጢስ ማለት ከሆነው ቃል ነው። በጆርጂያ ቋንቋም ቤተ ሰብ የሚባልበት ኮምሊ የተባለው ቃል ከጢስ ስም ጋራ አንድ ሥር አለው። በእንግሊዝ አገርም ከ1662 እስከ 1689 እ.ኤ.አ. ድረስ በምድጃ ቍጥር ግብር ይከፈል ነበር።

ነገር ግን ልዩነቱን ልብ ማለት ይገባል። በእነዚያ አገሮች ጢስ የመቍጠሪያ መስፈርት ነበርና የሀብታሙም የድኻውም ቤት በጢሱ ይቈጠር ነበር። በእኛ አገር ግን ርስት ያለው ሰው በጢሱ አልተጠራም። ከምድጃው ጢስም ይልቅ የሚጠራበት የአባቶቹ መሬት ነበረው። በጢስ መጠራት የቀረው በሌላ በምንም ሊጠራ ለማይችለው ሰው ነው። ስለዚህ ጢሰኛ የተባለው ስም ስላለው ነገር የሚናገር ይምሰል እንጂ በእውነቱ የሚናገረው ስለ ጐደለው ነገር ነው።

ርስተኛና ጢሰኛ በጎጃም

በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት በመጀመሪያ ያቀናው አባት የልጅ ልጆች ሁሉ መብት ነበር። አሜሪካዊው የኅብረተ ሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ይህ መብት በአባትም በእናትም በኩል ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱ አባት በኩል በአንድ አጥቢያ፥ በእናቱ እናት በኩል ደግሞ በሌላ አጥቢያ ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር። የዘር ሐረጉን ቈጥሮ ከአቅኚው አባት የሚደርስ ሰው ርስተኛ ነው፤ መድረስ ያልቻለ ግን በዚያ አጥቢያ ጢሰኛ ነው።

እዚህ ላይ ርስትን ከጉልት መለየት ያስፈልጋል። ባለ ጉልት የሚባለው ከመሬቱ ግብር የመቀበል ሥልጣን የተሰጠው ሹም ወይም ቤተ ክርስቲያን ነው። ርስተኛው ለባለ ጉልት ግብር ቢከፍልም ርስተኛነቱ አይቀርም፤ ጢሰኛም አይባልም። ይህን ያልለየ ሰው ግብር ከፋዩን ሁሉ ጢሰኛ አድርጎ ይቈጥራል፤ የጎጃም ገበሬ ግን እንደዚህ ቢሉት ስድብ ነበር።

እንግዲህ በጎጃም ጢሰኛ እነማን ነበሩ? አንደኞቹ ባለ እጆች ናቸው፤ ይኸውም ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው። ባለ እጅ የሚለው ስምም በራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ባለ ርስቱ በርስቱ ሲጠራ እነዚህ የሚጠሩት በእጃቸው ሥራ ነው። ማረሻውን የሚሠራለት ሰው ሳይኖር ርስተኛው ሊያርስ አይችልም ነበር፤ ሆኖም ማረሻውን የሠራው ሰው የሚታረስ መሬት አልነበረውም። ሁለተኞቹ ከሌላ አገር መጥተው የተቀመጡ እንግዶች ናቸው። ሦስተኞቹ ደግሞ የዘር ሐረጋቸውን ቈጥረው የሚያስረዱበት ምስክር ያጡ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ አንድ የሚያስገርም ነገር ይወጣል። በእናቱ አገር ርስተኛ የሆነ ሰው ሥራ ወይም ጋብቻ ወስዶት በሌላ አጥቢያ ቢቀመጥ በዚያ ጢሰኛ ሊባል ይችል ነበር። ስለዚህ በጎጃም ጢሰኛነት በመጀመሪያ ነገር የድኽነት ስም አልነበረም፤ በዚያ ስፍራ ሥር የሌለው የመሆን ስም ነበር። ሀብታም ጢሰኛ ሊኖር ይችላል፤ ድኻ ርስተኛም ብዙ ነበር። ድኻው ርስተኛ ግን በአጥቢያው ስብሰባ ቀና ብሎ ይናገራል፤ ሀብታሙ ጢሰኛ ዝቅ ብሎ ይሰማል። የጥሊሊው ሽማግሌ ስለ ቃሉ ፍች በጠየቅኋቸው ጊዜ ስለ ዘራቸው የመለሱልኝ በዚህ ምክንያት ነው። በእርሳቸው አእምሮ ውስጥ ጥያቄዬ «እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» የሚል ነበር።

ጭሰኛ በደቡብና በሸዋ

ከላይ የተናገርነውን ትርጓሜ ይዞ ወደ ሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች የሚሄድ ሰው ግን ይሳሳታል። ከ1870ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ጦር በተያዙት የደቡብና የምዕራብ አገሮች መሬቱ ለዘማቹና ለሹሙ ሲሰጥ የአገሩ ተወላጅ ገባር ሁኖ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች የገባሩ የጉልበት አገልግሎት በሕግ ቀርቶ በገንዘብ እንዲከፈል ሲደረግ፥ መሬቱ እየዋለ እያደረ የባለ መሬቱ የግል ሀብት ሆነ። ገባሩም በአባቱ መሬት ላይ እያረሰ የሌላ ሰው ጭሰኛ ሁኖ ቀረ።

በዚህ አገር ጭሰኛ ማለት እንግዳ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜም ከባለ መሬቱ ይልቅ ጭሰኛው የአገሩ ነባር ነው። ቃሉ የሚለካው በዘር ሐረግ ሳይሆን በምርት ክፍያ ነው፤ ሲሶ ወይም እኩል ብሎ መክፈል፥ ዐሥራቱን መጨመር፥ ባለ መሬቱም ባሰኘው ጊዜ መነቀል ነው።

የቍጥሩም ልዩነት ከፍ ያለ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በተደረጉት የመንግሥት የስታቲስቲክስ ጥናቶች መሠረት የሌላ ሰው መሬት በሙሉ ወይም በከፊል ተከራይቶ የሚያርሰው ገበሬ በጎጃም ከ5 አንድ ገደማ ሲሆን፥ በሸዋ ከ3 ሁለት ያህል ይደርስ ነበር። እንግዲህ ጢሰኛ በጎጃም ከአጥቢያው ሰው ጥቂቱ፥ ከሥርዓቱ ዳር ያለው ሰው ነው፤ ጭሰኛ በሸዋና በደቡብ ግን ሥርዓቱ የተሠራበት ዋናው ሰው ነው። በድምፅ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ በኑሮ ግን የሁለት አገር ሰዎች ናቸው።

ሁለቱ ትርጓሜዎች በተገናኙ ጊዜ

የቋንቋ ነገር ከመጻሕፍት ወጥቶ ወደ ሰው ሕይወት የሚገባበት ጊዜ አለ። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ሸንጎው ሰልፍ በወጡ ጊዜ በአሳባቸው የነበረው በምርት ክፍያ የተጨነቀው ጭሰኛ ነበር። ይህ ጩኸት ለአርሲና ለሸዋ ገበሬ ግልጽ ነበር። ለጎጃሙ ርስተኛ ግን ራሱ አራሽ፥ ራሱም ባለ መሬት ነበርና ቃሉ እርሱን አይጠራውም ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1960 ዓ.ም.፥ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ ግብሩን በምርት መጠን ለመጣል የሚፈልግ ስለ ነበር፥ ገማቾች ወደ ገበሬው ማሳ መግባትና የእያንዳንዱን ሰው ይዞታ መመዝገብ ነበረባቸው። ለአዲስ አበባው የመንግሥት ሠራተኛ ይህ የሒሳብ ሥራ ነው። ለጎጃሙ ገበሬ ግን መሬት መለካት ሌላ ትርጓሜ ነበረው። የተለካ መሬት ከአቅኚው አባት ተነጥሎ በመንግሥት መዝገብ የሚተዳደር መሬት ይሆናል፤ ርስቱም ይቀራል የሚል ብርቱ ሥጋት አደረበት። በሌላ አነጋገር፥ በገዛ አባቱ ምድር ጢሰኛ መሆንን ፈራ። ጎጃም ቀደም ብሎም መሬቱ እንዳይለካ ተቃውሞ ሲያሳይ የኖረ ስለ ሆነ፥ ሥጋቱ ወደ ጦር መሣሪያ ደረሰ። መንግሥት ወታደርና የጦር አውሮፕላን ላከ፤ ሰውም አለቀ። በመጨረሻ ግን ግምቱ ቆመ፤ ውዝፍ ግብር ተማረ፤ ጠቅላይ ገዥውም ተነሣ።

አመፁ የተነሣው በአንድ ቃል ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም። የግብሩ ክብደትና የሹማምንቱ በደል የታወቀ ነው። ነገር ግን የጎጃም ገበሬ ከግብሩ ገንዘብ ይልቅ ስለ ስሙ ስለ ምን ይህን ያህል እንደ ተቈጣ የሚጠይቅ ሰው፥ በርስተኛና በጢሰኛ መካከል የነበረውን ርቀት ካልተረዳ መልሱን አያገኝም።

የቃሉ ፍጻሜና የሌላ ቃል ዕድል

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የባለ መሬትና የጭሰኛ ግንኙነትንም ሻረ። በደቡብ ይህ ቀን ጭሰኛ ነፃ የወጣበት ቀን ነው። በጎጃም ግን አዋጁ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ሠራ። ጢሰኛውን ከጢሰኛነት ሲያወጣ ርስተኛውንም ከርስተኛነት አወጣው። ሁለቱ ስሞች ጥንድ እንደ ነበሩ ከላይ አይተናል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ሊቆም አልቻለም።

ከዚህ ጋራ የአንድ ሌላ የጎጃም ቃል ዕድል ቢነጻጸር መልካም ነው። ዛሬ «ዜጋ» ስንል በሕግ መብቱ የተጠበቀለትን የአገር ልጅ ማለታችን ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ በምሥራቅ ጎጃም የአድባራት መዛግብት ላይ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው ግን፥ በ18ኛው ምዕት ዓመት ዜጋ የሚባለው በጌታ መሬት ላይ ተጠግቶ የሚኖር፥ የራሱ መሬት የሌለው ሰው ነበር። እንግዲህ ዜጋና ጢሰኛ በአንድ ዘመን ጎረቤቶች ነበሩ ማለት ይቻላል። አንደኛው ቃል ከፍ ብሎ የሕገ መንግሥት ቃል ሆነ፤ ሁለተኛው ወደ ታሪክ መጽሐፍ ወረደ። ለዚህ ምክንያቱ የቃሉ ጠባይ አይመስለኝም። ዜጋ አዲስ ሥራ ተሰጠውና አሮጌው ትርጓሜው ተረሳ፤ ጢሰኛ ግን ሌላ ሥራ ሳይሰጠው ጐድሎበት በነበረው ነገር ብቻ ታሰበ።

ቃሉ ሞተ ማለት ግን ነገሩ ሁሉ አበቃ ማለት አይደለም። በአማራ ክልል ገበሬው ዛሬ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው። ደብተሩ በወላጆቹ ስም የሆነበት፥ ጎጆ ወጥቶ የራሱን ምድጃ ያነደደ፥ መሬት ግን ያልደረሰው ወጣትም አለ። እርሱም የሌላውን ማሳ በእኩል ያርሳል። ጢሰኛ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም፤ «መሬት አልባ» ይሉታል። አዲሱ ስም ከአሮጌው ይልቅ ግልጽ ነው፤ የጐደለውን ነገር በቀጥታ ይናገራል። አሮጌው ግን ቢያንስ ጢሱን አይቶለት ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የመሬት ሥሪት ቃላት እንደ መሣሪያ ስም በአንድ መስመር የሚፈቱ አይደሉም። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፋቸው የመሬት ሥሪት ስሞችን ሰብስበው ባያቈዩልን ኑሮ ብዙው በጠፋ ነበር። ነገር ግን ስም ከተሰበሰበ በኋላ የሚቀር ሥራ አለ፤ ይኸውም ያ ስም በዚያ አጥቢያ ከየትኛው ስም ጋራ ተጣምሮ ይነገር እንደ ነበረ መጠየቅ ነው። ጢሰኛን ከርስተኛ ለይቶ የጠየቀ ሰው፥ እኔ በጥሊሊ እንዳደረግሁት፥ ሽማግሌ ያስቀይማል፤ ፍቹንም አያገኝም።

በማግሥቱ ወደ እኒያ ሽማግሌ ተመልሼ ሄድሁና ይቅርታ ከጠየቅሁ በኋላ ጥያቄውን ለውጬ፥ «አባቴ፥ በዚህ አገር ርስተኛ ለመባል እስከ ማን ድረስ መቍጠር ያስፈልግ ነበር?» አልኋቸው። ተቀምጠው በአባትም በእናትም እየቈጠሩ እስኪመሽ ድረስ ነገሩኝ። በመጨረሻም እኔ ሳልጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ለነገሩ የእናቴ እናት ባል ጢሰኛ ነበር፤ መልካም ሰው ነበር» አሉኝ።

እንዲህ ያሉ ሽማግሎች በየአውራጃችን ገና አሉ። በየክረምቱ ወደ አገራችን የምንሄድ ተማሪዎች ሁሉ በየአካባቢያችን የነበሩትን የመሬት ቃላት ከነጥንዳቸው ብንመዘግብ፥ ይህ ቡሌቲን ለሚመጣው ተመራማሪ ብዙ ሊያቈይለት ይችላል።